ሰይጣንን በጎረቤት ቤት ስለ መፈለግ

ወጣቶች ሆይ፤ ሰው ሸምግሎ ከሥራው ሲሰናበት፣ ሊያስታውሰው ከሚወደው ይልቅ ሊረሳው የሚፈልገው ይበዛል። እኔም በጉለሌ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁና፣ ልርሳው ብዬ ያልተቻለኝን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚያ የተነሣ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ከቀጨኔ የምትመጣ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ልጅቱ ዝምተኛ፣ ሒሳብ ዐዋቂ፣ ጽሕፈቷም ያማረ ነበረች። አንድ ቀን አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ዳቦዋን ስትበላ ሆዷን አመማትና ወደ ቤቷ ሄደች፤ በማግሥቱም በትኩሳት ተኛች። በሦስተኛው ቀን የታመመችው ልጅ እናት ከክፍሌ በር ላይ ቆመው፣ «መምህር፣ ልጄን ከዚያች ከጠይብ ልጅ አጠገብ ያስቀመጧት እርስዎ ነዎት፤ ስትበላ አይታ በላችብኝ» አሉኝ።

እኔ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ሰው በዓይኑ ሰውን እንደማይበላ ተምሬአለሁ፤ ለሌላውም አስተምሬአለሁ። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ወጣት ነበርሁ፤ ሴትዮዋ ደግሞ የተከበሩ ነበሩ፤ ወላጆች በእኔ ላይ እንዳይነሡም ፈራሁ። ስለዚህ «ለጊዜው ነው» ብዬ የቀጨኔዋን ልጅ ብቻዋን በመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጥኋት። ከዚያ በኋላ ማንም ከእርስዋ ጋራ አልበላም፤ ማንም ከእርስዋ ጋራ አልተጫወተም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ትምህርቷን ተወች። የታመመችው ልጅ ሐኪም ቤት ተወስዳ ብትመረመር በሽታዋ የአንጀት ተስቦ ሆኖ ተገኘ፤ ታክማም ዳነች። ነገር ግን ወደ ቀጨኔ ወርዶ «በድለናችኋልና ይቅር በሉን» ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልሄድሁም።

ያቺ እናት ክፉ ሰው አልነበሩም። ይጾማሉ፤ ይጸልያሉ፤ ለድኻ ይመጸውታሉ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ደግ ሰው የአሥር ዓመት ልጅ እንዲከስ ያደረገው ምንድን ነው? እኔ እንደማምነው፣ ስለ ሰይጣን ያለን ሐሳብ መጣመሙ ነው። ሰይጣንን እናውቀዋለን እያልን ፊቱን ዘንግተነዋል፤ ስለዚህ ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደን እንፈልገዋለን። ይህ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ በአይሁድ፣ በክርስቲያንና በእስላም ዘንድ ያለውን መንገድ ተከትለን እንመልከት፤ ከዚያም ማን ማንን መክሰስ እንደሚገባው እንፍረድ።

«ሰይጣን» የሚለው ቃል የዕብራይስጥ ቃል ነው። በመጀመሪያ የአንድ ፍጡር ስም አልነበረም፤ ትርጓሜው ባላጋራ፣ ተቃዋሚ፣ በፍርድ አደባባይ ቆሞ የሚከስ ማለት ነው። በኦሪት ዘኍልቍ በለዓም በአህያው ላይ ተቀምጦ ሲሄድ መንገድ የዘጋበት የእግዚአብሔር መልአክ በዚሁ ቃል ተጠርቷል፤ እንዲህ የተባለውም ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን ስለ ተቃወመ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ሰይጣን ከመላእክት ጋራ በአምላክ ፊት ይቀርባል፤ ሥራውም የጻድቁን ሰው ልብ መጠርጠርና መክሰስ ነው፤ ያለ ፈቃድም አንዲት ጣት አያነሣም። በትንቢተ ዘካርያስም ሊቀ ካህናቱን ኢያሱን ለመክሰስ በቀኙ ቆሞ ይታያል። ይህን ያዙልኝ፤ የስሙ የመጀመሪያ ትርጓሜ «ከሳሽ» ነው።

ቀጥሎ ዘመኑ ተለወጠ፤ ሐሳቡም አብሮ ተለወጠ። ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሁለት መጻሕፍት አሉ። ዳዊት ሕዝቡን በመቍጠሩ ስለ መጣው መቅሠፍት መጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ሲናገር፣ ዳዊትን ያነሣሣው የእግዚአብሔር ቍጣ መሆኑን ያመለክታል። ይህንኑ ታሪክ ኋላ የጻፈው መጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ግን ያነሣሣው ሰይጣን ነው ይላል። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ፈርሳለች፤ ሕዝቡም ወደ ባቢሎን ተማርኳል። ብዙ መከራ ያየ ሕዝብ ክፉውን ነገር ሁሉ ከደግ አምላክ እጅ ነው ብሎ መቀበል ይከብደዋል። የብርሃንና የጨለማ ተዋጊ ኃይላት አሉ ብለው ያምኑ በነበሩት በፋርሶች መንግሥት ሥር መኖራቸውም ለዚህ ለውጥ ሳያግዝ አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው።

የዚህን ለውጥ ታሪክ ከማንም ይልቅ አጥርታ ያቈየችው የእኛ አገር ናት። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ በሙሉ የሚገኙት በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1773 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሄኖክን ቅጂዎች ይዞ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት መጽሐፉን ጠፍቷል ይሉት ነበር። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአረማይስጥና የዕብራይስጥ ቁርጥራጮችም የግእዙ መጻሕፍት ከጥንት የአይሁድ መጻሕፍት የተተረጐሙ መሆናቸውን አስረዱ። እነዚህን መጻሕፍት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳትሆን ቤተ እስራኤልም በግእዝ ሲያነቡአቸው ኖረዋል።

በሄኖክ ሁለት መቶ መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወርደው ከሰው ልጆች ሴቶች ጋራ ይቀላቀላሉ፤ ከእነርሱም አንዱ አዛዝኤል ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ጌጥና ኵል መቀባትን ለሰው ያስተምራል። በኩፋሌ ደግሞ መስቴማ የተባለ የክፉ መናፍስት አለቃ አለ። መናፍስቱ ሁሉ ሊታሰሩ ሲሉ ከእነርሱ ዐሥረኛው እጅ እንዲቀርለት ይለምናል፤ አብርሃም በልጁ እንዲፈተን ምክንያት የሆነውም እርሱ ነው። አያችሁ? አስቀድሞ የአደባባይ ከሳሽ የነበረው አሁን ሠራዊት ያለው አለቃ ሆነ።

ዳሩ ግን የአይሁድ መምህራን በዚህ ላይ አልቆሙም። በታልሙድ ከተጻፉት መምህራን አንዱ ሬሽ ላኪሽ ሰይጣንና በሰው ልብ ያለው የክፋት ዝንባሌ፣ የሞትም መልአክ አንድ ናቸው ብሎ አስተማረ። የዚህ ዝንባሌ ስም በዕብራይስጥ «ዬጼር» ነው። ደግሞም አስተውሉ፤ እግዚአብሔር አዳምን ከአፈር አበጀው በሚለው ስፍራ የተጻፈው ግሥ፣ «ሸክላ ሠሪ» የሚለው ስምና ይህ ዝንባሌ የሚጠራበት ቃል ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። እንግዲህ እንደ እነዚህ መምህራን ሐሳብ ሰይጣንን ለመፈለግ ከቤት መውጣት አያስፈልግም፤ የተበጀኸውን አንተን ራስህን መመርመር ይበቃል።

ክርስትና በሄኖክና በኩፋሌ ዘመን የነበረውን ሐሳብ ወርሶ ተነሣ። በወንጌል ሰይጣን ፈታኝ ነው፣ የዚህ ዓለም ገዥ ነው፣ የሐሰት አባት ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ስለ እባቡ ሲናገር «ሰይጣን» የሚለውን ስም አይጠራም፤ የዮሐንስ ራእይ ግን የቀድሞው እባብና ሰይጣን አንድ መሆናቸውን ይናገራል፤ እዚያው ላይም የወንድሞች ከሳሽ ብሎ ይጠራዋል። በትንቢተ ኢሳይያስ ስለ ባቢሎን ንጉሥ ውድቀት የተነገረውን የአጥቢያ ኮከብ ምሳሌም እንደ ኦሪጌኔስ ያሉ አባቶች ስለ ሰይጣን ውድቀት ተረጐሙት፤ ሄሮኒሞስ በላቲን «ሉሲፈር» ብሎ የተረጐመው ቃል የሰይጣን መጠሪያ ሆኖ የቀረው በዚህ መንገድ ነው። የእኛም ሊቃውንት ሳጥናኤል የወደቀው በትዕቢት፣ ያልፈጠረውን ፈጥሬአለሁ በማለት ነው ብለው ያስተምራሉ።

ከዚህ በኋላ ሰዓሊ መጣና መልክ ሰጠው። አውሮፓውያን ከጥንት ግሪኮች የእረኞች አምላክ ቀንድና የፍየል እግር ወስደው ለሰይጣን አለበሱት። እኛ በተማርንበት ሚሲዮን ትምህርት ቤት በነበሩት የሥዕል መጻሕፍት ሰይጣን ጥቁር ነበር፤ መላእክቱ ግን ነጮች ነበሩ። እኛ ጥቁሮቹ ልጆች ሥዕሉን ዐይተን፣ ከዚያ እርስ በርሳችን ተያይተን ዝም እንል ነበር። የእኛም ሰዓሊዎች ክፉውን ሰው በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሥሉታል። ለሰይጣን መልክ የሰጠ ሰው ሁሉ የባዕዱን፣ የተናቀውን ወይም የሚፈራውን ሰው መልክ ሰጠው እንጂ የገዛ ራሱን መልክ የሰጠው የለም። ጥፋቱም የጀመረው በዚህ ነው።

ሰይጣን የሰው መልክ ካገኘ በኋላ ሰውን ማቃጠል ቀላል ሆነ። በ1486 አካባቢ በጀርመን አገር ጠንቋዮችን አድኖ ስለ መያዝና ስለ መቅጣት አንድ መጽሐፍ ታተመ፤ ከዚያ በፊት በጀመረውና እስከ ዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በዘለቀው አደን፣ የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገምቱት ከአርባ ሺህ የማያንሱ ሰዎች ተገደሉ፤ ከእነርሱም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። በአሜሪካ በሳሌም በ1692 ልጃገረዶች ጮኸው ስም በጠሩ ጊዜ 19 ሰዎች በገመድ ተሰቀሉ። ይህን ሰምተን በፈረንጅ አንፍረድ። ከ1434 እስከ 1468 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በነገሠው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን «ደስክና ዲኖ ለሚባሉ አጋንንት ሰግዷል» ተብሎ የተከሰሰ ሰው መትረፊያ አልነበረውም። የራሱ የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚናገረው በአገሩ ላይ ታላቅ ፍርሃት ሆነ፤ የንጉሡ ልጆች እንኳ ከክሱ አላመለጡም። ንጉሡ ሃይማኖተኛ፣ ደራሲ፣ ጣዖትን ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ነበር። ነገር ግን ሰይጣንን ለማጥፋት የከሳሽን አፍ መክፈት፣ ለሰይጣን ወንበር መዘርጋት መሆኑን አላስተዋለም።

ወደ እስልምና እንለፍ። ቁርአን ስለ ኢብሊስ ሲናገር አላህ አዳምን ከጭቃ ፈጥሮ መላእክቱ እንዲሰግዱ ባዘዘ ጊዜ ኢብሊስ እንቢ ማለቱን ይተርካል። ምክንያቱም ምን ነበር? እኔ ከእሳት የተፈጠርሁ ስሆን ከጭቃ ለተፈጠረ አልሰግድም፣ እበልጠዋለሁ የሚል ነው። ይህን የመሰለ ታሪክ በጥንት የሶርያ ክርስቲያኖች መጻሕፍትም ይገኛል። ደግሞም በሱረቱ ኢብራሂም በፍርድ ቀን ሰይጣን ተከታዮቹን፣ ጠራኋችሁ እንጂ አላስገደድኋችሁም፣ ራሳችሁን እንጂ እኔን አትውቀሱ ብሎ እንደሚሞግታቸው ተነግሯል። በመጨረሻው ሱራም ሥራው በልብ ውስጥ ሹክ ማለት፣ ሰዎቻችን «ወስዋስ» የሚሉት ነው።

ሦስቱን አንድ ላይ ብናያቸው በብዙ ነገር ይለያያሉ። አንዱ ወዳቂ መልአክ ነው ሲል ሌላው ከጂን ወገን ነው ይላል፤ አንዱ ሠራዊት ሲሰጠው ሌላው በልብ ውስጥ ያኖረዋል። በሦስት ነገር ግን ይስማማሉ። ሰይጣን ይከሳል፤ ሰይጣን ይዋሻል፤ ሰይጣን ከጭቃ የተሠራውን ይንቃል። አሁን ወደ ቀጨኔ እንመለስና በዚህ ሚዛን ራሳችንን እንመዝን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ወዲህ በጉለሌ ምድር ባለ እጆች ሰፍረዋል። በቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች፣ በሽሮ ሜዳ ከጋሞ አገር የመጡ ሸማኔዎች ይኖራሉ። ከቀጨኔ ሰዎች መካከል የዘር ሐረጋችን ከቤተ እስራኤል ነው የሚሉ አሉ። እናቶቹ ጭቃውን በእግራቸው ረግጠው፣ በእጃቸው አቡክተው፣ በእሳት ተኵሰው ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንስራውን ያወጣሉ። አገሩ በሙሉ በእነርሱ ጀበና ቡና ይጠጣል፣ በእነርሱ ምጣድ እንጀራ ይጋግራል፣ ከዚያም ዞር ብሎ «ቡዳ ናቸው» ይላል። ጀበናዋን ከከንፈርህ የምታስጠጋላትን ሴት ዓይኗን ብትፈራ ይህ ፍርሃት ምን ዓይነት ፍርሃት ነው? ማሰሮው ካልጐዳህ እጁ እንዴት ይጐዳሃል?

የዚህ ስድብ መነሻ መሬት ነው። በታሪክ እንደሚነገረው ቤተ እስራኤል ርስት እንዳይይዙ በተከለከሉ ጊዜ መሬት የሌለው ሰው እጁን አረሰ፤ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ሆነ። ገበሬው መጀመሪያ ርስት የለውም ብሎ ናቀው፤ ቀጥሎ የማያውቀውን ጥበብ ስለሚያውቅ ፈራው፤ በመጨረሻ ንቀቱንና ፍርሃቱን አንድ አድርጎ «ሌሊት ጅብ ይሆናል» አለው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በእጁ ሥራ መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያስነገሩት ይህ ነገር አገሪቱን ድኻ እንዳደረጋት ስለ ተረዱ ነው። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን እስከ ክፍሌ በር መጣ።

ደግሞ ይህን አስቡ። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል አገር ሄዱ፤ በ1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ በአውሮፕላን ተወሰዱ። በጎንደር አካባቢ ቡዳ የሚባሉት እነርሱ ነበሩ። ክሱ እውነት ቢሆን ኖሮ ከሄዱ በኋላ በጎንደር ምድር ልጅ በድንገት ባልታመመ ነበር፤ ላምም ወተቷን ባልነሣች ነበር። በሽታው ግን ከእነርሱ ጋራ በአውሮፕላን አልተሳፈረም፤ የቡዳው ወሬም አልተሳፈረም፤ ሌላ የሚከሰስ ሰው ፈልጎ እዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ሦስት ክርክር ይነሣብኛል፤ ለእያንዳንዱም እመልሳለሁ።

አንደኛው፦ «አንተ ሰይጣን የለም ልትል ነው» የሚል ነው። እንዲህ አላልሁም። በሰይጣን መኖር የሚያምን ይመን፤ እኔ የምለው የሚያምን ሰው እምነቱን ይጠብቅ ነው። ሰይጣን ከሳሽ ነው ብለህ የምታምን ከሆነ፣ ያለ ማስረጃ ጎረቤትህን በከሰስህ ሰዓት የማን ሥራ እንደ ሠራህ ዕወቅ። ኢብሊስ የወደቀው ጭቃን ንቆ ነው ብለህ የምታምን ከሆነ፣ ጭቃ የምትረግጠውን እናት ስትንቅ የማንን ቃል እንደምትደግም ስማ። በሰይጣን የማያምን ሰው ባለ እጅን ቢሰድብ ባለጌ ይባላል፤ የሚያምነው ሲሰድብ ግን በገዛ መጽሐፉ ይፈረድበታል።

ሁለተኛው፦ «የብረት ሥራን ያስተማረው አዛዝኤል ነው፤ ሄኖክ ይመሰክራል» የሚል ነው። ሰይጣን ለተንኮሉ ከመጽሐፍ ይጠቅሳል የተባለው ለዚህ ነው። ሄኖክ የሚያዝነው ሰው በተማረው ጥበብ ዓመፅና ደም ማፍሰስን ስላበዛ ነው፤ ማረሻ የሚቀጠቅጠውን አንጥረኛ አልከሰሰም። ኦሪት ዘጸአት ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት ይናገራል። ቁርአንም ለዳዊት ብረት እንደ ለዘበለት ይተርካል። ነቢዩ ኤርምያስ የእግዚአብሔርን አሠራር እንዲያይ የተላከው ወደ ንጉሥ ቤት ሳይሆን ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነው። ሰይፉን የሚታጠቀው ጌታ ተከብሮ፣ ሰይፉን የሠራው ድኻ የአዛዝኤል ልጅ የሚባልበት ትርጓሜ የሊቃውንት ትርጓሜ ሳይሆን የባለ ርስት ትርጓሜ ነው።

ሦስተኛውና ብርቱው፦ «በዓይናችን አይተናል፤ በጠበል ቦታ ርኩሱ መንፈስ በታመመው ሰው አፍ ለፍልፎ፣ የላከውን ሰው ስም ጠርቷል» የሚል ነው። እንጦጦ ከራሳችን በላይ ነው፤ ሲጮኹ እኔም ሰምቻለሁ፤ የታመመ ሰው ሥቃይ የሚያሳዝን እንጂ የሚያስቅ አይደለም። ነገር ግን እጠይቃችኋለሁ። የተናገረው ማን ነው አላችሁ? ሰይጣን። ሰይጣንስ በወንጌል ማን ተባለ? የሐሰት አባት። ታዲያ የሐሰት አባት ያላችሁትን በጎረቤታችሁ ላይ ምስክር አድርጋችሁ እንዴት ትቀበሉታላችሁ? በወረዳ ፍርድ ቤት በሐሰት የታወቀ ሰው ሲመሰክር ዳኛው አያምነውም፤ እናንተ የውሸት ሁሉ ምንጭ ነው የምትሉትን አምናችሁ የድኻ ቤት ታፈርሳላችሁ? ኦሪት እንኳ ሰውን ለመኰነን የሁለትና የሦስት ምስክር ቃል ትጠይቃለች። ካህኑ ይጸልዩ፤ ጠበሉም ይጠመቅ፤ ስም ሲጠራ ግን ጆሮ ይደፈን። ታማሚውንም ለሐኪም ማሳየት ጸሎትን መናቅ አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው ብሎ ያስተምራልና። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ትቶ የጎረቤት ስም ቢጠራ፣ ጎረቤቱ ይጠፋል፤ ልጁም አይድንም።

ይህ ክፋት ሁለት አፍ አለው። በአንዱ ሌላውን እንከስበታለን፤ በሁለተኛው ራሳችንን እናመልጥበታለን። ሰው ሰርቆ ሲያዝ፣ ሚስቱን ደብድቦ ዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል። የያዕቆብ መልእክት ሰው የሚፈተነው በገዛ ምኞቱ ተስቦ መሆኑን አስቀድሞ ነግሮናል፤ በቁርአንም ሰይጣን ራሱ ይህን ሰበብ እንደማይቀበል አይተናል። እንግዲህ በሌላው ሰው ጥፋት ሰውየውን ሰይጣን ነው እንላለን፤ በራሳችን ጥፋት ግን ሰይጣኑን ጥፋተኛ እናደርጋለን። ለራስ ሲሆን ሰውየው ንጹሕ ነው፤ ለጎረቤት ሲሆን ሰውየው ራሱ ጋኔን ነው። ይህ ሚዛን የማን ሚዛን እንደ ሆነ ፍረዱ።

ነገሩ በባለ እጆች ብቻ ቢቀር ይሻል ነበር። እኔ በወጣትነቴ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ቡዳ መባል ቀርቶ «የአብዮት ጠላት» መባል መጥቶ ነበር፤ አንድ ሰው ጣቱን ይቀስራል፣ አንድ ልጅ ከቤቱ ይወሰዳል፣ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ያን ዘመን የመሩት ሰዎች በሰይጣን አያምኑም ነበር፤ የሰይጣንን ሥራ ግን አሳምረው ሠሩት። ዛሬም በእጃችሁ በያዛችሁት ስልክ አንድን ነገድ በሙሉ፣ አንድን ሃይማኖት በሙሉ ጋኔን ብሎ የሚጠራ ሰው በየቀኑ ይሰማል፤ እናንተም አንብባችሁ ለሌላው ታስተላልፋላችሁ። ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ከሳሹ ያው ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ ታነባላችሁና ብዙ ይጠበቅባችኋል። አንድ ሰው ስለ ሌላው «ቡዳ ነው፣ መተተኛ ነው፣ ሰይጣን ነው» ሲላችሁ፣ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰማሁ ካለ፣ ከማን እንደ ሰማ ጠይቁ። ከተከሰሰው ሰው ጋራ በአደባባይ፣ ሁሉ እያየ ከአንድ መሶብ ብሉ፤ መቶ ስብከት የማይሠራውን ያች አንዲት ጉርሻ ትሠራዋለች። የታመመውን ወደ ሐኪም ውሰዱ፤ የሚጸልይለትንም አትከልክሉ። ማታ ስትተኙም የሰውን ኃጢአት ከመቍጠር በፊት፣ ዛሬ ማንን ከሰስሁ፣ ምን ዋሸሁ፣ ማንን ናቅሁ ብላችሁ ሦስት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ ከተገኘባችሁ ሰይጣንን አግኝታችሁታልና፣ ወደ ጎረቤት ቤት መሄድ አያስፈልግም።

እኔ በ1974 ዓ.ም. ማንንም ቡዳ አላልሁም፤ ክሱን የተናገሩት ሴትዮዋ ናቸው። ነገር ግን ከሳሽ ሲናገር ዝም ያለና ወንበር ያዛወረ ሰው የክሱ ተካፋይ ነው። ያቺን ልጅ ኋላ ባፈላልግ ቤተ ሰቧ ከሰፈሩ ለቆ ስለ ነበር አላገኘኋትም። ዛሬ በሕይወት ካለች ከሃምሳ ዓመት በላይ ይሆናታል። ይህ መጽሐፍ ምናልባት ከእጅዋ ቢገባ፣ «ለጊዜው» ብዬ ያስቀመጥኋት ያ የመጨረሻ ወንበር የእኔ ስፍራ እንጂ የእርስዋ ስፍራ እንዳልነበረ እንድታውቅልኝ ጽፌአለሁ። ለእናንተ ደግሞ የጻፍሁት፣ በር ላይ ቆሞ የሚከስ ሰው አንድ ቀን ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርምና፣ ያን ጊዜ የምትመልሱትን ቃል ከወዲሁ እንድታዘጋጁ ነው።